ፊሽካው ኪሴ ውስጥ ነበር

እትዬ ዘነቡ ማረፋቸውን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ዳውንታውን ኦክላንድ አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ እሠራለሁ። ቦታዬ ምድር ቤት ስለሆነ ስልክ እንደልብ አይሠራም። ባለቤቴ ትዕግሥት ሦስት ጊዜ ደውላ አላገኘችኝም። ለምሳ ወጥቼ መልሼ ስደውልላት እያለቀሰች ነበር።

"እትዬ ዘነቡ አረፉ" አለችኝ። "ሳን ሆዜ፣ ልጃቸው ቤት። ዛሬ ጠዋት።"

ነፍስ ይማር ሳልል አልቀረሁም። እሷ ግን ቀጠለች።

"እኔ የምልህ ቢኒ፣ ያ የፍሪሞንቱ ነገር ነው የሰበራቸው። ከዚያ በኋላ እኮ እንደ ድሮው አልሆኑም። አንድ ቀን ተዘናጉ ተብሎ ሰው እንዲህ ይሸሻል?"

ይህን ያለችው አዝናላቸው ነው። የተዘናጉት እሳቸው እንዳልነበሩ ያኔ አታውቅም ነበር። እኔ አውቅ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ከሷም ከሰውም ደብቄው ነበር። አሁን ልጽፈው ተቀምጫለሁ፤ ግን አስቀድሜ ሴትየዋ ማን እንደነበሩ መናገር አለብኝ። እኔ ዝም በማለቴ ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው ባልሠሩት ጥፋት ነውና።

ያወቅኳቸው ልጄ ኤደን ገና የስምንት ወር ሕፃን ሳለች ነው። ኦክላንድ ውስጥ በሚኖሩበት አፓርታማ የአምስት ስድስት ቤተሰብ ልጆች ይጠብቁ ነበር። ፈቃዳቸውን በፍሬም አድርገው ከበሩ ፊት ለፊት ሰቅለውታል። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ፀጉራቸውን ሁልጊዜ በሻሽ ጠቅልለው የሚያስሩ ሴት ነበሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ልጅ ሲቆጡ ቁጭ ብለው ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው የሚቆጡት፤ ልጁም በሹክሹክታ ይመልስላቸዋል። ወላጅ ሲቆጡ ግን ቆመው ነው። እኔን የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው የተቆጡኝ፤ የኤደንን ወንበር መኪና ውስጥ አላልቼ ስላሰርኩት። ቀበቶውን በራሳቸው ጉልበት ስበው አጠበቁትና "አሁን ሂድ" አሉኝ።

ልጅ መጠበቅ ከመጀመራቸው በፊት ዘጠኝ ዓመት የከተማው መዋኛ ገንዳ ውስጥ በጽዳት ሠርተዋል። የልብስ መቀየሪያውን እየጠረጉ፣ ላይፍጋርዶቹ፣ የዋናተኞቹ ጠባቂዎች፣ ሲሠለጥኑ ይሰማሉ። እንግሊዝኛቸው ያን ያህል ባይሆንም የሚፈልጉትን ነገር ይይዙ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሕፃን ውሃ ውስጥ ሲሰምጥ አይተዋል። አባቱ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይሳሳቃል። ላይፍጋርዷ ዘልላ አወጣችው፤ ልጁም ተረፈ። እትዬ ዘነቡን የገረማቸው ግን ጸጥታው ነው።

"አልጮኸም፣ አላንቦራጨቀም" ይሉን ነበር። "ፊልም ላይ እንደምታዩት አይደለም። እንደተኛ ልጅ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጆሮህን አትመን፤ በዓይንህ እይ።"

ይህን ነገር ሳይሰለቹ ይደጋግሙት ነበር። እጅህ የማይደርስበት ልጅ ብቻውን ነው ያለው። በአየር የተነፋ ነገር ክንዱ ላይ አስረህ ልጄ ተጠብቋል አትበል። ሁላችንም እያየነው ነው ማለት ማንም እያየው አይደለም ማለት ነው። ሰው ቤት ሲጠሩ ሰላምታ ሰጥተው መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ መታጠቢያ ቤት ነው። ባልዲ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ካለ ይደፉታል፤ ገንዳው ሞልቶ ከተተወ መድፈኛውን ይነቅላሉ፤ የሽንት ቤቱን ክዳን ይከድናሉ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ወጥተው ይቀመጣሉ። ሴቶቹ "እትዬ ዘነቡ ኢንስፔክሽን ገቡ" እያሉ ይስቁባቸዋል። እኔም እስቅ ነበር።

አንድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንዷ እናት ድምፅዋን ቀንሳ "እትዬ፣ ልጅ በውሃ ሞቶብዎት ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀቻቸው። ሁላችንም የምናስበው እንደዚያ ነበር፤ ደፍሮ የጠየቀ ግን አልነበረም።

"አልሞተብኝም" አሉ። "ለመጠንቀቅ የግድ ይሙትብኝ?"

ሴትየዋ አፍራ ይቅርታ ጠየቀች። እሳቸው ደግሞ ቦርሳቸውን ከፍተው የልጆች የዋና ትምህርት መመዝገቢያ ወረቀት አውጥተው ሰጧት።

እራሳቸው ዋና የተማሩት በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። እጅጌው ረጅም፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የዋና ልብስ ገዝተው፣ ሻሻቸውን በፕላስቲክ ቆብ ለውጠው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ድሮ ወለሉን ወደጠረጉበት ገንዳ በተማሪነት ገቡ። አብረዋቸው የሚማሩት የልጅ ልጆቻቸው ሊሆኑ የሚችሉ ወጣቶች ናቸው። ወሬው ተሰማ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ ነውር ነው አለ። እሳቸው ግን የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው "ልጅ ለማዳን ከሆነ ዋኚ" ተብለዋል፤ ከዚያ በኋላ የማንንም ሐሜት ከቁብ አልቆጠሩትም። ለመማር ሁለት በጋ ፈጀባቸው። ትንፋሽ የመስጠቱንና ደረት የመጫኑንም ኮርስ ወሰዱ፤ ያንንም ወረቀት ከፈቃዱ ጎን ሰቀሉት።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ዳዊት እዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ ያገኘሁት ጓደኛዬ ነው። ፓርኪንጉ ውስጥ ያስቀጠረኝ እሱ ነው። በኋላ እሱ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ከባለቤቱ ከሜሮን ጋር ፍሪሞንት ቤት ገዙ፤ ጓሮው ገንዳ ያለው ቤት። የሰኔ ጾም በተፈታ በመጀመሪያው ቅዳሜ ቤቱን እናስመርቅ ብለው ጠሩን። ትዕግሥት ሺፍት ነበራት፤ እኔ ኤደንን ይዤ ሄድኩ። ኤደን ስድስት ዓመቷ ነበር። የዳዊት ልጅ ሶልያና ሦስት ዓመቷ ነው፤ እሷንም የሚጠብቋት እትዬ ዘነቡ ናቸው።

እትዬ ዘነቡ እንደደረሱ ጓሮውን ዞረው አዩ። ገንዳው ዙሪያ አጥር አለው፤ በሩ ግን እቃ ለማመላለስ እንዲመች በበረዶ ሳጥን ተገትቶ ክፍት ሆኗል። ሳጥኑን ገፍተው በሩን ዘጉት። ከዚያ አዋቂዎቹን ሰብስበው ከቦርሳቸው በገመድ የተንጠለጠለች ቀይ ፊሽካ አወጡ።

"ልጆቹ ውሃው ጋ እስካሉ ድረስ አንድ ሰው ይህን አንገቱ ላይ ያደርጋል" አሉ። "ፊሽካውን ያደረገ ሰው አይበላም፣ አይጠጣም፣ ከሰው አያወራም፣ ስልክ አይነካም። ከውሃው ዳር አይነሳም። ሲደክመው ለሌላ ሰው በእጁ ይሰጣል። ወንበር ላይ አስቀምጦ መሄድ የለም። እኔ እጀምራለሁ።"

ሰዉ ሳቀ፤ ግን እሺ አለ። እሳቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ማንም የሚቀይራቸው አልመጣም። እኔ አዘንኩላቸውና ሄጄ "እትዬ፣ ይሂዱ ምሳ ይብሉ፣ እኔ አለሁ" አልኳቸው። ይህን ያልኩት ከልቤ ነው።

ገመዱን ከአንገታቸው አውልቀው በእጄ አስያዙኝ፤ ወዲያው ግን አልለቀቁትም።

"ያልኩትን ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ሶልያና ገና አልበላችም፤ ሜሮን ውስጥ ይዛታለች። ከመጣች ግን ከእጅህ እንዳትርቅ። መዋኘት አትችልም።"

"እሺ እትዬ፣ አይስጉ።"

ወደ ቤት ገቡ። ፊሽካውን አጠለቅኩት። ውሃው ውስጥ ኤደንና ሌሎች ሦስት ልጆች ጥልቀት በሌለው በኩል ይጫወታሉ። ስድስት ሰባት ደቂቃ ያህል በደንብ ጠበቅኩ። ከዚያ ጥብስ የሚጠበስበት ጠረጴዛ ጋ የቆሙት ጓደኞቼ አዩኝ።

"ዳኛው" አለ አንደኛው። "ኧረ ለዳዊት ቀይ ካርድ አሳይልን፣ ሥጋውን አሳረረው።"

ሌሎቹ ሳቁ። ዳዊትም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ግን ፊቴ ጋለ። አንገቴ ላይ የልጅ መጫወቻ ያንጠለጠልኩ መሰለኝ። ገመዱን በጭንቅላቴ አውጥቼ ፊሽካውን የሱሪዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ ትንሽ ስለሳቁብኝ ብቻ ነው።

አንዴ ከአንገቴ ካወጣሁት በኋላ የቀረው ቀላል ሆነ። አንዱ ስለሚገዛው መኪና ጠየቀኝ። ከውሃው ዳር ሆኜ መለስኩለት። አልሰማሁህም አለኝ። ሁለት እርምጃ ጠጋ አልኩ፤ ቀጥሎ ሌላ ሁለት። ኤደን ስትወጣ አይቻታለሁ፤ ሌሎቹም ልጆች ወጥተው ሐብሐብ ሊበሉ ሮጡ። ስለዚህ ገንዳው ባዶ ነው፤ ባዶ ገንዳ ምን ይጠበቃል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አንድ ሰው ለስላሳ ሊያወጣ ገብቶ የበረዶ ሳጥኑን መልሶ በሩ ላይ ሲገትረው አይቻለሁ። በዓይኔ አይቼው ዝም ብያለሁ። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ጀርባዬ ወደ ውሃው ነበር።

ምንም ድምፅ አልሰማሁም።

የሰማሁት ሳህን ሲሰበር ነው። ስዞር እትዬ ዘነቡ ከወጥ ቤቱ በር ወጥተው እየሮጡ ነው። እንደዚያ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ጫማቸውን አላወለቁም፣ ነጠላቸውን አልጣሉም፤ እንዳሉ ዘለው ገቡ። ምን እንደሆነ የገባኝ ከውሃው ሲወጡ ነው። ሶልያናን በአንድ ክንዳቸው ይዘዋታል። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፤ እጇ ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

ሲሚንቶው ላይ አጋደሟት። አገጯን ቀና አድርገው አፏ ውስጥ ተነፈሱ። ከዚያ ደረቷን በመዳፋቸው እየተጫኑ ጮክ ብለው በአማርኛ መቁጠር ጀመሩ። ያ ዝቅ ያለ ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። ዳዊት ለድንገተኛ እርዳታ ናይን ዋን ዋን እየደወለ አድራሻው ጠፋበት፤ አዲስ ቤት ነው። ሜሮን ከቤት ወጥታ ልጇን ስታያት ወደቀች። ተነስታም መጮኽ ጀመረች።

"ማን ነበር የሚያያት? እትዬ፣ እርስዎ አልነበሩም እንዴ? እጠብቃለሁ አላሉም እንዴ?"

እትዬ ዘነቡ ቁጥራቸውን አላቋረጡም። ቀና ብለው ግን አዩኝ። አንዴ ብቻ ነው ያዩኝ። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ፊሽካውን ጨብጬው ቆሜ ነበር። ዓይኔን ወደ መሬት አደረግኩ።

"አሁን ልጅቷን" አሉ ለሜሮን። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ተመልሰው ተነፈሱላት።

ሶልያና አስመለሳት። ሳለች። ከዚያ አለቀሰች። በሕይወቴ እንደዚያ ልቅሶ ደስ ያለኝ ነገር የለም። አምቡላንስ መጥቶ እናትና አባቷን ይዞ ሄደ። ሁለት ቀን ሆስፒታል አቆይተው ምንም ሳትሆን አስወጧት።

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ የቀረው ሰው በየጥጉ እየተንሾካሾከ ቆመ። እትዬ ዘነቡ ገንዳው ዳር ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠዋል። ልብሳቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቆ ይንቀጠቀጣሉ። ሻሻቸው ወልቆ ሽበታቸው ይታያል። ማንም አልቀረባቸውም። በሰዉ ዓይን ጥፋተኛዋ እሳቸው ሆነው ነበር። የሳቁብኝ ጓደኞቼም ፊሽካውን አንገቴ ላይ ስላጡት መልሼላቸው የመጣሁ መስሏቸዋል፤ እኔም አላረምኳቸውም። ከጎኔ ወንበር ላይ ፎጣ ነበር፤ አንስቼ አልወሰድኩላቸውም። ከሄድኩ የሚጠይቁኝ መሰለኝ። ፎጣ ያለበሰቻቸው ኤደን ናት። የራሷን ፎጣ፣ አሳ የተሳለበትን፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጋላቸው አጠገባቸው ተቀመጠች።

ወደ ኦክላንድ ስንመለስ ኤደን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ኤደን አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው።

"ዳዲ፣ ፊሽካው አንተ ጋ አልነበረም እንዴ?" አለችኝ።



"አይ የኔ ቆንጆ" አልኳት። "መልሼ ለእትዬ ሰጥቻቸው ነበር። አንቺ አላየሽም።"

"አንገትህ ላይ አይቼዋለሁ።"

"ቀደም ሲል ነው ያየሽው።"

በመስታወቱ ሳያት ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ታስባለች። ከዚያ ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።

ሜሮን ልጇን ከእትዬ ዘነቡ አስወጣች። ይህ አይፈረድባትም። በሳምንቱ ሌላ ቤተሰብ ተከተለ፤ ከዚያ ሌላ። ወር ሳይሞላ ቤታቸው የቀረችው ኤደን ብቻ ነበረች። ሰው ምን ሆነው ነው ብሎ ሲጠይቃቸው "ልጅቷ ተርፋለች፣ ተመስገን" ብቻ ነበር መልሳቸው። ውሸት አልተናገሩም፤ ስሜንም አልተናገሩም።

በሁለተኛው ሳምንት ፊሽካውን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሳሎን ውስጥ የልጆቹን ትንንሽ ፍራሾች እያጠፉ ይደራርባሉ። ፊሽካውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ይህን ልትመልስ ነው የመጣኸው?" አሉኝ።

"እትዬ፣ ለምን አልተናገሩም?"

"ልጅቷ መሬት ላይ ተጋድማ? ያኔ ጥፋተኛ የሚፈለግበት ሰዓት ነው?"

"ከዚያስ በኋላ?"

"ከዚያ በኋላማ አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ።" ፍራሹን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ። "እኔ ብናገር ሰው ምን ይላል? አሮጊቷ ጥፋቷን በሰው ታላክካለች ይላል። አንተ ስትናገር ነው እውነት የሚሆነው። ለኔ ብለህ አይደለም። ሜሮን ልጇ ላይ ምን እንደደረሰ ማወቅ አለባት።"

"ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ" አልኳቸው። "ዳዊት ወንድሜ ማለት ነው።"

"ጊዜ ከኔ አይጠየቅም" አሉና ፍራሹን አስቀመጡት። ከዚያ "ዋና ትችላለህ?" አሉኝ።

"አልችልም።"

"ጠርጥሬ ነበር። ውሃ የሚፈራ ሰው ውሃ ማየት አይወድም፤ ፊቱን ያዞራል። ቅዳሜ ጠዋት የአዋቂዎች ክፍል አለ። እዚያ የሚመጣው ሰው ሁሉ ያፍራል፤ እኔም አፍሬ ነበር። ሁለት ቀን ነው፣ ከዚያ ይለቅሃል።"

የመመዝገቢያ ወረቀቱን ሰጡኝ። መኪናዬ ውስጥ ከተትኩት፤ አልተመዘገብኩም። ለዳዊትም ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ክረምቱ ገባ። ከዚያ ጊዜው አለፈ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሶልያና ደህና ናት፤ አሁን ብናገር ማንን ይጠቅማል አልኩ። እትዬ ዘነቡ የቤት ኪራዩን ብቻቸውን ስላልቻሉት ሳን ሆዜ ልጃቸው ብሌን ጋ ሊኖሩ ሄዱ። እቃቸውን ያጓጓዝኩላቸው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ስለ ኤደን ትምህርት ስናወራ ሄድን።

በየዓመቱ የበጋው የዋና ትምህርት ምዝገባ ሲቃረብ ይደውሉልኝ ነበር። "የኤዲ ምዝገባ ሰኞ ጠዋት ነው የሚከፈተው፣ ቶሎ ካልገባህ ይሞላብሃል" ይሉኛል። ሌላ ነገር አያነሱም። ልጄን የሚወዱት እንደ ድሮው ነው፤ እኔንም እንደ ድሮው ነው የሚያናግሩኝ። ስልኩ ላይ ስማቸውን ባየሁ ቁጥር ሁለት ሦስት ጊዜ አስጮኼ ነው የማነሳው። ኤደን አሁን አሳ ናት፤ የገንዳውን ሌላ ጫፍ ሳትቆም ደርሳ ትመለሳለች። በሳቸው ጥሪ ነው እንዲህ የሆነችው። እኔ ደግሞ ዳር ተቀምጬ አጨበጭባለሁ፤ ዛሬም አልዋኝም።

ዘንድሮ ሲደውሉ አላነሳሁም። ሥራ ላይ አልነበርኩም፤ ቤቴ ተቀምጬ ስልኩ ሲጮኽ እያየሁት ነው ያላነሳሁት። መልእክት ተዉልኝ። ድምፃቸው ደክሟል። ምዝገባው ሰኞ እንደሆነ ነገሩኝና "እኔ ትንሽ አሞኛል፤ ስትችል ደውልልኝ" አሉ። አልደወልኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ትዕግሥት ማረፋቸውን የነገረችኝ።

ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆምኩ። ዳዊት አልመጣም፤ ሜሮንም አልመጣችም። በማግስቱ ሳን ሆዜ ለቅሶ ቤት ሄድን። ሴቶቹ ብሌንን ከበው ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ ጋራዡ ውስጥ በተደረደረ ወንበር ላይ ነን። አንድ ሽማግሌ "ደግ ሴት ነበሩ" አሉ። ሌላው ራሱን ነቀነቀና "ያቺ የፍሪሞንቷ ስሕተት ባትኖርባቸው። መቼም ሰው ነው፣ ይዘናጋል። እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው" አለ። ሁሉም አሜን አሉ።

እኔም አሜን ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

ተነስቼ ወጣሁ። ትዕግሥት ወዴት ነው ብላ በዓይኗ ስትጠይቀኝ መጣሁ አልኳትና መኪናዬን አስነስቼ ወደ ፍሪሞንት ነዳሁ። መንገድ ላይ ምን እንደምል አላሰላሁም። ካሰላሁ እንደምመለስ አውቃለሁ።

በሩን የከፈተችልኝ ሜሮን ናት። ግባ አለችኝ፤ እዚሁ ይሻለኛል አልኳት። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ፊሽካውን ከእትዬ ዘነቡ እጅ መቀበሌን፣ ጓደኞቼ ሲስቁ ኪሴ መክተቴን፣ በሩ ተገትቶ አይቼ ዝም ማለቴን፣ ጀርባዬን መስጠቴን። እሷ ስትጮኽባቸው ቆሜ መስማቴን። ምንም ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ። 

"እሳቸው ያውቁ ነበር?" አለችኝ።

"ያውቁ ነበር።"

"እኔ አይደለሁም አላሉኝም። አንድ ቀን እንኳ።" የበሩን ጠርዝ ያዘች። "መቼ ተቀበሩ?"

"ትናንት።"

"እስኪቀበሩ ጠበቅክ" አለችኝ።



ከውስጥ ሶልያና ማን ነው እያለች መጣች፤ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሁለት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ሜሮን ጫማሽን አድርጊ አለቻት። ከዚያ ወደኔ ሳታይ "እነግራቸዋለሁ ብለህ እንዳታስብ። አንተ ነህ የምትነግራቸው፣ ለቅሶው ቤት፣ ሰው ፊት። እኔ በመኪናዬ እመጣለሁ" አለች።

ተመልሼ ለቅሶ ቤቱ ገባሁ። ጋራዡ በር ላይ ቆምኩ። ሴቶቹም እንዲሰሙ ብሌንን ጠራኋት። ከተናገርኩት የማስታውሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ "የፍሪሞንቷ ጥፋት የኔ ናት" አልኩ። የቀረውን ተናግሬ ስጨርስ ትዕግሥት እንደማታውቀኝ ሰው ታየኛለች። የመለሰችልኝ ብሌን ናት።

"ጠይቄያት ነበር" አለች። "ማን ነበር እማዬ ብዬ። የሰውየው ጉዳይ ነው፣ እሱ ይምጣ አለችኝ። እንደምትመጣ እርግጠኛ ነበረች።"

ያን ጊዜ ሜሮን ሶልያናን በእጇ ይዛ ገባች። የብሌን እግር ላይ ወደቀች። አለቀሱ። እኔ እዚያ መቆም አልነበረብኝም፤ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ዳዊት ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። አይፈረድበትም። ትዕግሥት ስለ ልጅና ስለ ቤት ጉዳይ ታናግረኛለች፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለንም። ይህን ሁሉ ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት የኤደንን ነው።

በዚያው ቀን ማታ ሳልተኛ ልንገራት ብዬ ክፍሏ ገባሁ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታነባለች። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና ከፍሪሞንት ስንመለስ መኪና ውስጥ የነገርኳት ውሸት እንደነበር ነገርኳት። ፊሽካው እኔ ጋ ነበር አልኳት። መጽሐፉን ሳትዘጋ አስቀመጠችው።

"ስለዚህ በትክክል ነው ያየሁት?" አለችኝ። ይህን በአማርኛ ነው ያለችው፤ ቃላቱን እየፈለገች።

"በትክክል ነው ያየሽው።"

"ፑል ጋ ሁሉ... ሰው ሲዋኝ ሳይ፣ ልጅ ውሃ ውስጥ ጠፋ ብዬ ስፈራ፣ አይ ብዬ ዝም እላለሁ" አለች። "እንደዚያ ቀን ዓይኔ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ።"

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች፤ እኔ ወለሉ ላይ ቆየሁ።